የአውቶብሱ ፍጥነት በአራተኛው ድንጋይ ላይ

ወታደሮች ይዘው ያስገቡኝ የገብስ መጋዘን ውስጥ ነበር። እህሉ ወጥቶ ሽታውና አይጡ ቀርቷል። በሩ ሲዘጋ ያየሁት ፊት ለፊት ነው፤ ቦርሳዬን የያዘውን ሰው እያየሁ የኋሊት ነበርና የገባሁት። ቦርሳው ውስጥ ደብተሬ አለ።

መጋዘኑ ውስጥ አንዲት መነኩሲት አገኘሁ። የተያዙት ለማያውቁት ሰው ውሃ በማጠጣታቸው ነው። ማንነቴን ሳይጠይቁ የለበሱትን ባና ግማሹን ገልጠው ሰጡኝ። የመንዝ ብርድ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሌላ ነው።

ደብተሩ ላይ ምን እንደነበር ልናገር። በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የሚባለው ክፍል ቁልፍ እንጂ ዕቃ የለውም። ስለዚህ ከጓሳ የሚመጣው መንገድ ቁልቁል በሚወርድበት ቦታ ስድስት ድንጋዮች በእኩል ርቀት አስቀምጬ፣ በየድንጋዩ አንድ ተማሪ አቆምኩ። የዘወትሩ አውቶብስ ሲያልፍ እያንዳንዱ በስልኩ ሰዓት ያዘ። እኔ ሰብስቤ በእጄ ጻፍኩት።

ልጆቹ ፍጥነትን «ርቀት ሲካፈል ለጊዜ» ብለው በቃላቸው ይይዙታል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ይዤው ነበር። ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ካልኩለስ የገባኝ ደግሞ ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ። ቀመሮቹ ከየት እንደሚመጡ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ፊዚክስን እንደ ዳዊት እደግመው ነበር እንጂ ገብቶኝ አያውቅም። መንገድ ዳር ያወጣኋቸው እንደ እኔ እንዳይዘገዩ ብዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጠሩኝ። መርማሪው በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ አነጋገሩ የረጋ ሰው ነበር። ደብተሩን ገልጦ የመኪና እንቅስቃሴ ለስለላ የተመዘገበበት መሆኑን ነገረኝ። አንድ አውቶብስ ነው፣ ትምህርት ነው አልኩት። እሱም አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰ፣ ፍጥነት ለማወቅ ርቀቱን ለጊዜው ማካፈል እንደሚበቃ አስረዳኝ። ያ የሚሰጠን አማካዩን ነው አልኩ። ቁልቁል የሚወርድ መኪና ፍጥነቱ በየቅጽበቱ ይለወጣል፤ ልክ አራተኛው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ስንት እንደነበር ለማወቅ በዚያ ዙሪያ ያለውን ጊዜ እያሳነሱ፣ እያሳነሱ መሄድ ያስፈልጋል። ዴሪቬቲቭ የሚባለው ይኸው ነው። አንድም ጊዜ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ጎበዝ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀጥሎ የጠየቀኝ ትክክለኛውን ጥያቄ ነውና።

«አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ስድስት ቦታ አይቆምም። እነማን ናቸው?»

ራሴ ያስረዳሁት ትምህርት መሰከረብኝ። ስድስቱም ለፈተና ጥቂት ወራት የቀራቸው ልጆች ናቸው። ስማቸውን ብሰጥ በዚያው ቀን ከየቤታቸው ይለቀማሉ።

«ማንም አልቆመም» አልኩ። «ቁጥሮቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ።»

ሳይለካ ቁጥር ያመጣ ተማሪ ከእኔ ዜሮ ነው የሚያገኘው። ይህን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል።

መርማሪው ወዲያው አላመነኝም። እስኪያዳምጠኝ ድረስ ጀርባዬ ላይ የሆነውን እዚህ አልጽፈውም። በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገልኝ።

«እንግዲያው እዚሁ ፍጠሪልኝ።»

ቀመሩን ለሚያውቅ ቁጥር መፍጠር አያስቸግርም። ሁለቱን ጽፌ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ከቀመር የሚወጣ ቁጥር ልሙጥ ነው። ደብተሩ ላይ ያለው አምስተኛው ቁጥር ተንጋዷል፤ እዚያ የቆመችው ልጅ ስልኳን የነካችው ዘግይታ ነው። ወረቀቱንና ደብተሩን ቢያስተያይ የተለካው የትኛው እንደሆነ ይለያል። ሦስተኛውን በግማሽ ሰከንድ አዛባሁት።

ወረቀቱን ከደብተሩ አጠገብ አስቀምጦ ብዙ አየ።

«ይቺ ለምን ተንጋደደች?»

«አውቄ ነው። ልጅ የለካው እንዲመስል።»

«ደብተሩም ላይ?»

«ደብተሩም ላይ።»

ሳቀ። «ስንት ዓመት ሸወድሻቸው፣ መምህርት?»

«ማስተማር ከጀመርኩ አንስቶ።»

ቃሌን እንዳለ ጻፈው፤ ፈረምኩ። ስለ ተማሪዎች ዳግመኛ አልጠየቀኝም። እኔን ለመልቀቅ ግን አራት ወር ፈጀበት።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ እማሆይ ምን እንዳደረጉኝ ጠየቁኝ። ስለ ጀርባዬ ማውራት አልፈለግኩም።

«ዋሸሁ፣ እማሆይ። ስድስት ቁጥር።»

«እኔ መነኩሲት ነኝ እንጂ ቄስ አይደለሁ፤ ምን ላድርግሽ?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ውሸቱን ቆጥሮ የሚመጣ ሰውም ባንቺ አየሁ። በይ ስድስት ስገጂና ጋደም በይ።»

ቀልዳቸውን ነበር። እኔ ግን ተነሳሁ።

«ተይ አንቺ ልጅ፣ ወገብሽን!»

ሰገድኩ። ግንባሬ ሲሚንቶውን በነካ ቁጥር ደብተሩ ላይ ከነበሩት አንዱን እውነተኛ ቁጥር በልቤ አልኩ። አምስተኛውን ከነመንጋደዱ። ከስድስተኛው በኋላ ብቻዬን መነሳት አቃተኝ፤ እማሆይ ብብቴ ሥር ገብተው አነሱኝ።

ዛሬ ሌላ ከተማ አስተምራለሁ። ደብተሩ አልተመለሰልኝም። ስድስቱም መፈተናቸውን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እነሱ ማንንም አልጠየቅኩም። በቅርቡ እዚያው የፍጥነት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «እኛም ወጥተን ብንለካስ፣ መምህር?» አለችኝ። የመጽሐፉ ቁጥሮች ይበቃሉ አልኳት።

አይበቁም። እሷ ግን አምናኝ ቀና ሳትል ከመጽሐፉ መገልበጥ ጀመረች።