የመላመድ ትምህርት በመምህሩ ቤት

የእህቴ ባል የሥነ ሕይወት መምህር ነው። ሰው ሲያመሰግነው እሰማለሁ፤ እኔ ግን የማመሰግንበት ነገር አጥቼ ኖሬያለሁ። ሥነ ምህዳርና የእንስሳት ባህሪ ያስተምራል፤ እንስሳ ግን አይወድም። ደጃፉ ላይ ድመት ካየ በጫማ ነው የሚሸኛት። ተማርኩ የሚለውን ሁሉ ያዋለው ለራሱ ምቾት ነው። "ወንድ ወፍ ግዛቱን ያስከብራል" ብሎ ሳሎኑን ለብቻው ያዘ፤ እህቴን ከነስፌት መኪናዋ ወደ ጓዳ ሰደዳት። እሷ ሰፍታ ያመጣችውን እየበላ ደግሞ "ይሄ አብሮ መኖር ይባላል፤ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል" ይላል። መዥገርም አፍ አውጥቶ ቢናገር እንዲሁ ይል ነበር።

ለነገ የሚያስተምረውን ዛሬ ቤት ውስጥ እየጮኸ ይለማመዳል፤ ተማሪዎቹ ፊቱ የተደረደሩ እየመሰለው። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ቀንድ አውጣ በቆርቆሮ ይዞ መጣ። ጣውላ ላይ አስቀምጦ ጣውላውን በእርሳስ ኳ አደረገው። ቀንድ አውጣው ቀንዱን ሰበሰበ። ደጋግሞ መታ። ቆይቶ ቀንድ አውጣው ነገሬ አላለውም፤ ኳኳታው ሳይቆም መንገዱን ቀጠለ።

"ይሄ መላመድ ይባላል" አለ ደረቱን ነፍቶ። "ጉዳት የማያመጣ ነገር ሲደጋገም እንስሳው ምላሽ መስጠቱን ይተዋል። ለምሳሌ ባለቤቴ ድሮ ስቆጣት ታለቅስ ነበር፤ አሁን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች።"

ይህን ነገ ክፍል ገብቶ ሊናገር ነው። እህቴ ጓዳ ሆና ትሰማለች።

ልትለየው ከቆረጠች ቆይታለች። አስሮ የያዛት የስፌት መኪናዋ ነው፤ ያለሱ መተዳደሪያ የላትም። እሱ ደግሞ "ከዚህ ቤት መርፌ ይዘሽ አትወጪም" ብሎ ምሏል፤ እንዲህ ላለው ነገር ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው።

"ነገ ክፍል ሲገባ ተሸክመን እንውጣ" አልኳት።

"የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል። ጎረቤቱን ሁሉ ዘበኛ አድርጎታል። ይልቅ ዓይኑ እያየ ነው የምንወጣው። አሁን ያስተማረንን አልሰማሽም?"

ቅዳሜ ጠዋት፣ እሱ ቤት እያለ፣ መኪናውን በአንሶላ ጠቅልለን ለጥገና ብለን ወጣን። ከወንበሩ ዘሎ ተነሳና "ወዴት ነው?" አለ። አንሶላውን አስፈታ፤ መሳቢያውን ሳይቀር በረበረ። ከሰዓት በኋላ መልሰን አስገባነው። በሌላ ሳምንት ደግመን ስንወጣ ተቀምጦ "አሁንም ተበላሸ?" አለ። እያደር ቀና ብሎ ማየቱንም ተወ። በየመሀሉ እኔ ልጠይቃት እየመጣሁ ልብሷን በዘንቢል አወጣሁላት። ጓዳው ሲራቆት እሱ ግዛቱን እያስከበረ ነበር።

በመጨረሻው ቀን መኪናው ከበደንና በሩ ላይ ቆምን። እሱ ከወንበሩ ተነሳ። የእህቴ ፊት አመድ መሰለ። መጣና በሩን ከፍቶ ያዘልን።

"ቶሎ በሉ፣ ንፋስ ይገባል" አለና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ሰነባብቶ እኔ ደጃፍ መጣ። ሸሚዙ ተጨማዷል። እህቴ ውስጥ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፤ ድምፁ ቤቱን ሞልቶታል።

"እትዬ፣ ባለቤቴ አንቺ ዘንድ መጥታለች?"

"ምን ልታደርግ ትመጣለች?"

ሊመልስልኝ አፉን ከፈተና ፊቱን አጨማደደ። "ይሄ ደግሞ የምን ጩኸት ነው? እንዴት ነው ከዚህ ጋር የምትኖሪው?"

ከዚያው ድምፅ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ ስንት ዓመት ኖሯል። የበላው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ልናደድበት ፈልጌ አቃተኝ፤ ናቅሁት ብቻ።

"ይለመዳል" አልኩትና በሩን ዘጋሁ።