ሁለት ጀልባና የአባባ መቀመጫ

እሁድ ከሰዓት... ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው ግድብ ላይ፣ ትንሿን ልጄን በሹራቧ ኮፍያ ጎትቼ ከውሃ አወጣኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ አባት ከአንኮበር ሊጠይቁን መጥተው ነበር። አባባ ነው የምላቸው። ቤት ውስጥ ከብርዱ ጋር ተፋጥጠን ከምንውል ጀልባ እናሳያቸው አልን። ጀልባ ስላችሁ ታዲያ ሹል አፍንጫ ያለውን እንዳታስቡ። የታሸጉ ባዶ በርሜሎች ጎን ለጎን ታስረው፣ ከላያቸው ጣውላ ተደርድሮ፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ ከላይ ሸራ... በቃ። ቤተሰብ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቆሎውን እየቆረጠመ ይንሸራሸርበታል።

ግድቡ ላይ ያሉት ሁለት ናቸው፤ ችግሩ ሁለቱም መንታ መሆናቸው ነው። የአንዱ ሸራ ሰማያዊ፣ የሌላው አረንጓዴ። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፣ ውሃ የማውቀው በባልዲ ነው። ባለቤቴ ታዴ ላም እንደሚገዛ ሰው ዙሪያቸውን ዞረ፣ በርሜሉን ኳ ኳ አደረገ፣ ጣውላውን ረገጥ ረገጥ አደረገ።

«ሰማያዊው ይሻላል፣ ጠንከር ይላል» አለ።

«አረንጓዴው አዲስ ነው።»

«አዲስ የሆነው ሸራው ነው እንጂ...»

«የሰማያዊው በርሜል ዝጓል፣ አታይም?»

ሁለቱንም የሠራው ሰውዬ አጠገባችን ቆሞ ሲሰማ ቆየና ትዕግሥቱ አለቀ። «እህቴ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው። የፈለጋችሁበት ግቡ። ብቻ ከተቀመጣችሁ በኋላ እንዳትነሱ።»

አብዝቼ የተከራከርኩት እኔ ስለነበርኩ አረንጓዴው ተመረጠ።

አባባ ግን አሻፈረኝ አሉ። «እኔ ከመሬት ሆኜ አያችኋለሁ» ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳር ቀሩ። እኛ ገባን። ልጄ ሳሮን መከልከያ ብረት በሌለው በመግቢያው በኩል ተቀመጠች፤ የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ለልጅ ልክ የለውም ስለተባለ እኔ አጠገቧ ሆንኩ። ከዓልዩ አምባ የመጡ አንድ ነጋዴም ከባለቤታቸውና ከትልልቅ ልጆቻቸው ጋር ገቡና ጀልባዋ ሞላች።

ሰውዬው ገመዱን ሊፈታ ሲል ሳሮን «አባባ፣ ይምጡ፣ እኔ ጋ ይቀመጡ» አለቻቸው። አንጀታቸው አልቻለም። ከዘራቸውን አስቀድመው እግራቸውን ጀልባዋ ላይ አሳረፉ።

ሽማግሌ ሲገባ ምን ይደረጋል? መቼም ታውቁታላችሁ።

ሁሉም ሰው ብድግ አለ። «ኖር... ኖር አባታችን።»

«በእግዜር... ኧረ በእግዜር ተቀመጡ» አሉ አባባ። ወደ ነጋዴው ዞረው ደግሞ «በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይቀመጡ።»

ማን ሰምቶ። በማዶኛው ወንበር የነበሩት ሁሉ ቦታ ሊለቁላቸው፣ እጃቸውን ሊይዙላቸው ወደ እኛ መጡ። ነጋዴው «ወላሂ እዚያ ይሁኑ፣ እኔ እቆማለሁ» ይላሉ። ታዴ «የኔ ቦታ ይሻላል» ይላል። አባባ «ሰው አስነስቼማ አልቀመጥም» ይላሉ። ይሄ ሁሉ ትህትና በአንድ ጎን ሲከማች ጀልባዋ ዘመም አለች... ከዚያ ጣውላው ውሃ ውስጥ ገባ። ቅዝቃዜው በእግሬ ሲወጣ ተሰማኝ። ዘወር ስል ሳሮን የለችም።

ከወገቧ በታች ውሃ ውስጥ ናት። የጣውላውን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣለች። ተንበርክኬ ኮፍያዋን ያዝኩ። እኔ ወደሷ ባዘነበልኩ ቁጥር ጀልባዋም አብራኝ ትወርዳለች። ልጄን ልጄን እላለሁ፣ ሰውዬው ከዳር ሆኖ ገመዱን ይዞ «ተቀመጡ!» እያለ ይጮኻል...

አሁንም ድረስ የማይዋጥልኝ ይሄ ነው። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ደርሶ አንድም ሰው አልተቀመጠም። ሽማግሌ ቆሞ እንዴት ይቀመጣል? ታዴ፣ የገዛ አባቷ፣ ጀርባውን ሰጥቶን የአባባን ክንድ ይዟል።

ያዩን አባባ ብቻ ናቸው። በሰው መሐል ዓይናችን ተገጣጠመ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከነጋቢያቸው ውሃው ላይ፣ ወለሉ ላይ ዘፍ አሉ። ከዚያ በከዘራቸው ማዶውን ወንበር እየጠቆሙ «ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ ልጅቷ» አሉ።

ያኔ ሁሉም ክው ብሎ ወደየቦታው ተመለሰ። ጀልባዋ ቀስ ብላ ቀና ስትል ልጄን ስቤ አወጣኋት።

ዳር ስንወጣ የነጋዴው ሚስት ሻርፓቸውን አውልቀው ሳሮንን ጠቀለሏት። እኔ ተቀምጬ አለቀስኩ። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች «የትኛው ጀልባ ይሻላል?» ብለው ታዴን ጠየቁት። ያን ያህል ጊዜ በርሜል ስናማርጥ ቆይተን፣ ሊያሰጥመን የነበረው ጨዋነታችን መሆኑን ለሰው እንዴት ብሎ ያስረዳል?

አባባ ጋቢያቸውን እየጨመቁ «ከእንግዲህ ለእኔ የሚነሳ ሰው እንዳላይ» አሉ። እሺ አልን። ከልባችን ነበር።

ቤት ገብተን፣ አባባ ደረቅ ልብስ ቀይረው ሳሎን ብቅ ሲሉ... እኔና ታዴ እኩል ብድግ አልን።

ሳሮን ግን ሶፋውን በሁለት እጇ ጨብጣ ንቅንቅ አላለችም። ከቤቱ ሰው ሁሉ ትምህርቱ የገባት እሷን ብቻ ነው።