በቀይ የተጻፉ ስሞች

ከኮምቦልቻ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ ጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታ ያየችውን በሰማያዊ፣ የሰማችውን በቀይ እስክሪብቶ ትጽፋለች። ቢስቲማ አጠገብ ያለውን የውኃ ጉድጓድ የቆፈሩት ሴቶች ናቸው ብላ በቀይ መጻፏን ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ አዩ።

«ሴት ጉድጓድ ቆፈረች? ሰርዢው ልጄ፣ ሰው ይስቅብሻል።»

«ይሳቅ፣ አባቴ። የእርስዎንም ቃል እጽፋለሁ፤ የነገሩኝን ሴቶች ቃል ግን ወላሂ አልሰርዝም።»

ወደ እኔ ዞራ፣ «ድሮ ታሪክ መጻፍ የጀመረው ግሪካዊም ያላመነውን እንኳ የነገሩትን ሰዎች ጠቅሶ ጽፎታል» አለችኝ።

ከዚያ የቆፋሪዎቹን ስም በቀይ ትዘረዝር ጀመር፤ የአንዷን ስም ስትጽፍ ብቻ እጇ ዘገየ። ዘመዷ ሳትሆን አትቀርም ብዬ ገመትኩ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና ቀስ እያልኩ አነበብኩ፤ ከሰባቱ ቆፋሪዎች የሦስቱ ስም ቦታ ባዶ ነው።

የምታነቡ ሁሉ፣ እናቶቻችሁን ጠይቁና የቀሩትን የሦስቱን ስም ጻፉላት።