እውነተኛው ርቀት

የአጎቴ ሕመም ሦስት የቅዳሜ ገበያና አንድ ውሸት አስከፍሎኛል።

አጎቴ አዲስ አበባ ጎልፍ ሜዳ ላይ ሠላሳ ዓመት የአንድ ተጫዋች የጎልፍ ዱላ ቦርሳ ተሸክመዋል። ይህ ሥራ መሆኑን እኛ አገር፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ያመነላቸው የለም። «ሸክሙ ቀላል ነው፤ ቁም ነገሩ ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚርቅ ሳይዋሹ መንገር ነው» ይሉ ነበር። አገር ቤት ገብተውም የሄዱበትን ሁሉ በእርምጃ ይለኩ ነበር።

ሐኪሙ ሕመማቸው እንደማይድን ሲነግረኝ፣ እንደ አገራችን ልማድ ደብቄ «ጨጓራ ነው» አልኳቸው።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ሱቄን ዘግቼ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ፣ አጎቴ ቦርሳቸውን ይሸከሙላቸው የነበሩት ሽማግሌ ከአዲስ አበባ ሊጠይቋቸው መጡ።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ርቀት ዋሽቼ አውቃለሁ?» አሉ አጎቴ።

«አንድም ቀን።»

«እንግዲያው ስንት ቀረኝ?»

ሽማግሌው እኔን አየት አድርገው የአጎቴን እጅ ያዙ። «ቅርብ ነው፣ ወንድሜ።»

አጎቴ እፎይ አሉ። «ይሄ ልጅ ነጋዴ ነው፤ ሚዛኑን አይመኑት» ብለው ሳቁብኝ።

በቀብሩ ዕለት፣ አይችሉም ብንላቸውም፣ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ የተሸከሙት እኚያው ሽማግሌ ናቸው።

ከሱቄ እስከ አጎቴ ቤት ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ነው። የለኩት አጎቴ ራሳቸው ናቸው። ቤቱ ተዘግቷል።