ታናሼ ቀድማኝ ስልሳ አምስት ሞላት

ሕመሜ የጀመረው አልጋ ሳነጥፍ ነው። ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ፍራሹን በአንድ እጄ ብድግ አድርጌ በሌላው አንሶላውን መወተፍ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ሥራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሁለተኛውን ጥግ እንዳነሳሁ ትንፋሽ አጠረኝ። የእንግዳ አልጋ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፤ እኔ ግን ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ልቤ እንደ ተያዘች ዶሮ ይንፈራገጣል።

መጀመሪያ "ውፍረት ነው" አልኩ። ቀጥዬ "ጾሙ ነው" አልኩ። እየቆየ ከአውቶቡስ ወርጄ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳናን ሳቋርጥ፣ የሐበሻ ሱቆቹ መስኮት ጋ እየቆምኩ ዕቃ የማይ መምሰል ጀመርኩ። የማየው ዕቃ የለም፤ ትንፋሼን ነው የምሰበስበው። በጀርባዬ ስተኛ ያስለኛል። አንድ የነበረው ትራስ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ሆነ። ይህን ከምታነቡት መካከል ትራስ እየጨመራችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ኦርቶፕኒያ ይባላል። ሳንባ ውሃ መያዝ ሲጀምር የሚመጣ ነው እንጂ እርጅና አይደለም። እኔ ስሙን ያወቅሁት ከመሸ በኋላ ነው።

"ታዲያ ለምን ሐኪም ጋ አልሄድሽም?" ትሉኝ ይሆናል። ሆቴሉ ሰዓታችንን ቀንሶ ፓርት ታይም ሲያደርገን ኢንሹራንሱም አብሮ ሄደ። ሶ፣ ሜዲኬርን መጠበቅ ያዝኩ። ሜዲኬር ስልሳ አምስት ዓመት ለሞላው ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ ነው። እኔ በእናቴ ቆጠራ ስልሳ ስድስት ነኝ። በወረቀት ግን ገና ስልሳ።

ምን ያስገርማችኋል? ከመካከላችን ትክክለኛ ዕድሜውን ይዞ ቦሌን ያለፈ ስንት ነው? ዲቪ ስሞላ ፎርሙን የሞላልኝ ደላላ "አሜሪካ ጉልበት ያለው ነው የምትፈልገው" ብሎ ስድስት ዓመት ቆረጠልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ መረቅሁት! ታናሽ እህቴ አስካለ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት። ልጅ ሆና ክር ፋብሪካ ልትቀጠር ስትል "ዕድሜሽ አልደረሰም" ስላሏት እናታችን አራት ዓመት አስጨመረችላት። ባሏ ወደዚህ ሲያመጣት ያው ዕድሜ ተከትሏት መጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በሦስት ዓመት የምበልጣት፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ አሜሪካ ላይ ታላቄ ሆነች። አገር ቤት "እትዬ" ስትለኝ የኖረችው እዚህ ከመጣች ወዲህ "ዘኑ" ትለኛለች። "በሕግ እኮ እበልጥሻለሁ" ብላ ትስቃለች። እኔ አያስቀኝም።

እናም ከሁለት ዓመት በፊት አስካለ በወረቀት ስልሳ አምስት ሲሞላት የሜዲኬር ካርዷ በፖስታ መጣ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ያላት ቀጭን ወረቀት ናት። ላሚኔት አስደረገቻት፤ በፕላስቲክ አስለበጠቻት! ቅናቴን አልደብቃችሁም፤ አንጀቴ ቅጥል አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አስካለ ዓይኗን ታየች፣ ጉልበቷን ታየች፣ የማያማትን ሁሉ ታየች። በደወለችልኝ ቁጥር የሐኪም አፖይንትመንት ላይ ናት። እኔ እያሳለኝ እሷ ስለ ዶክተሮቿ ጠባይ ታወራኛለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፌርፋክስ ላይ ምሳ ተቀመጥን። አብረውን ጋሼ ኃይሉ ነበሩ፤ ሆሊውድ ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዜና የማያመልጣቸው ሰው ናቸው።

አስካለ ሽሮዋን እየጠቀለለች "ልቤን በኢኮ አዩልኝ" አለች። "ዶክተሩ 'የኮረዳ ልብ ነው ያለሽ' አለኝ።"

ልቧም አስቀናኝ፣ ልቧን ያየው ማሽንም አስቀናኝ። እኔ እኮ እዚያው ከጎኗ ተቀምጬ ጉርሻ ለመዋጥ ትንፋሽ እያነሰኝ ነው።

ጋሼ ኃይሉ ወደ እኔ ዞረው "ዘነበች፣ የሜዲኬርን ዕድሜ ወደ ስልሳ ዝቅ እናድርግ የሚሉ አሉ። ያ ሕግ ከወጣ አንቺም ገባሽ ማለት ነው" አሉኝ።

እኔ ገና አፌን ሳልከፍት አስካለ ቀደመችኝ። "ኧረ አይደረግም ጋሼ! ስልሳ የሞላው ሁሉ ከገባ አፖይንትመንት ከየት ሊገኝ ነው? አሁንም ስንት ጊዜ ነው የምንጠብቀው!"

ደሜ ፈላ። በጀርባዬ ያዘልኳት ልጅ ከገባች በኋላ በሩን ከውስጥ ስትዘጋብኝ ታየኝ። ሳህኔን ገፋ አድርጌ ተነሳሁ።

ተከትላኝ ወጣች። በሩ ጋ ግድግዳ ተደግፌ ሳቃስት አየችኝና ደነገጠች። ክንዴን ይዛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ዘኑ፣ አሞሻል። ካርዴን ውሰጂና ታከሚበት። መልካችን እንደሆነ አንድ ነው፤ ፈረንጅ በምን ይለየናል? አስካለ ነኝ በይ" አለችኝ።

"በአንቺ ስም ከምድን በራሴ ስም ብሞት ይሻለኛል!" አልኳት።

ሕጉን ፈርቼ ነው ብላችሁ ደስ ባለኝ ነበር። ሕጉም ያስፈራል፤ በሰው ካርድ መታከም ወንጀል ነው፣ የታመመው ልቤም እሷ ፋይል ውስጥ ገብቶ እሷንም ባጠፋት ነበር። ያኔ ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ቅናት ነው ያስከለከለኝ። በቅናት ትክክለኛውን ሥራ ሠራሁ። ከዚያ ወዲያ ተኮራረፍን፤ እሷም አልደወለች፣ እኔም አልደወልኩ።

ሕጉን መጠበቅ ያዝኩ። በየቀኑ ስልኬን ከፍቼ ስለ ስልሳ የሚያወራ ዜና እፈልጋለሁ። ዛሬ ይወጣል፣ ነገ ይወጣል እላለሁ። ሕጉ አልወጣም። ልቤም አልጠበቀኝም።

ሥራ ላይ ነበርኩ። ጋሪውን እየገፋሁ ነው። ኮሪደሩ ረዘመብኝ። አየር የለም። ሳልኩ። የሳልኩት አረፋ ነበር፤ ሮዝ ቀለም አለው። ግድግዳውን ያዝኩ። ግድግዳው አልያዘኝም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። መልስ መስጠት አቃተኝ።

ሆስፒታል ውስጥ አፌ ላይ ማስክ አጠለቁልኝ። አየር በግድ ይገባል። ዶክተሯ ጎንበስ ብላ ታየኛለች። አስተርጓሚው በስልክ ነው።

"ሳንባዎ ውሃ ሞልቷል። ልብዎ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ላይ ነው፤ ምቱ ተዛብቷል። አሁን እዚህ ነዎት። እንረዳዎታለን።"

እርስዎ ስባል ለመጀመሪያ ጊዜ ዕድሜዬ የተከበረልኝ መሰለኝ። ከዚያ ሌላ የማስታውሰው የለም።

ስነቃ አስካለ እግሬ ስር ተቀምጣ እግሬን ታሻለች። ሆቴሉ ደውሎላት ከምትኖርበት ከሃውቶርን ከተማ ድራይቭ አድርጋ መጥታ ኖሯል። እንደተኮራረፍን ነን። እግሬን ግን አልነጠቅኋትም።

ዶክተሯ በኢኮ አይታ "ማይትራል ስቴኖሲስ" አለችኝ፤ ከልብ በሮች አንዱ፣ ማይትራል ቫልቭ የሚባለው፣ ጠቧል። ልጅ ሳለሁ ጉሮሮዬን አሞኝ፣ ከዚያ መገጣጠሚያዬ አብጦ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንዴት አያውቅ! ጉሮሮዬን ሲያመኝ "እንጥሏ ወርዷል" ብለው አስቆርጠውኝ ነበር። ከዚያ ጉልበቴ አብጦ መራመድ አቅቶኝ ከርሜያለሁ። ሩማቲክ ፊቨር ነው። በጊዜው በፔኒሲሊን ሊድን የሚችል ነገር ቫልቬን ዕድሜዬን ሙሉ ቀስ እያለ ሲበላው ኖሯል።

ሁለተኛውን ነገር የነገረችኝ የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር፣ ታማሚን በኢንሹራንስና በመሳሰለው የምታግዘው ሠራተኛ ናት። ገቢዬን ጠየቀችኝና "ሰዓትዎ ከተቀነሰ ጀምሮ እኮ ለሜዲካል ብቁ ነዎት" አለችኝ። ሜዲካል ገቢያቸው ላነሰ የካሊፎርኒያ ሰዎች ያለው ኢንሹራንስ ነው። "ለእሱ ስልሳ አምስት መሙላት አያስፈልግም" አለችኝ። ሳቅሁ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ስልሳ አምስት የሚባል በር ላይ ዓይኔን ተክዬ የጎኑን በር ሳላንኳኳው ነው የኖርኩት። የማንን ካርድ እያየሁ መሰላችሁ?

ቀጥሎ የልብ ቀዶ ሐኪሙ መጣ። በስልክ ስፒከር ላይ ሌላ አስተርጓሚ አለች።

"ቫልቩ ካልሲየም ይዞ ደርቋል፤ በባሉን፣ ውስጡ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ፣ አይከፈትም። መቀየር አለበት። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ሰው ሠራሽ፣ ጠንካራ ነው፤ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ያስውጣል። ሁለተኛው ከላም ቲሹ፣ ከልቧ ሽፋን፣ የሚሠራ ነው፤ በጊዜ ያረጃል፣ ግን ዋርፋሪኑን ከወራት በኋላ ልናቆም እንችል ይሆናል። ስልሳ ዓመትዎ ስለሆነ እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። ከስልሳ አምስት በላይ ቢሆኑ ወደ ሁለተኛው አደላ ነበር።"

ይኸው! ስልሳ አምስት እዚህም ተከትሎኝ መጣ።

"ስልሳ ስድስት ነኝ" አልኩ።

ኮምፒውተሩን አየ። "እዚህ ስልሳ ይላል። በምን ያውቃሉ?"

የማውቀው በአስካለ ነው። የልደት ወረቀት የለኝም፤ ያለኝ ማስረጃ እሷ ስትወለድ ሦስት ዓመቴ መሆኑ ብቻ ነው። ይህን ብል ግን ስልሳ ሰባት ነኝ ብላ ካርድ የያዘችው አስካለ ምን ልትሆን ነው? ፋይሏ እዚያው ሆስፒታል ነው ያለው። አየኋት። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጭኗ ላይ ጨምድዳ ይዛለች፤ ካርዷ እዚያ ውስጥ ነው። አትናገርም አልኩ በልቤ። ካርዱ ይበልጥባታል አልኩ። እንዲያ ታምሜም ቀናሁ።

አስካለ ተነሳች።

"እውነቷን ነው። እኔ ታናሿ ነኝ። ወረቀቴ የሚለውን ተወው፣ እኔ ስልሳ ሦስት ነኝ፤ እሷ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷ ስትታመም እናቴ እኔን ከእሷ ጀርባ ስታወርደኝ አልቅሻለሁ፣ አስታውሳለሁ። ካርዴንም ከፈለጋችሁ ውሰዱት። ብቻ ለእትዬ የሚሆናትን ልብ አድርጉላት።"

አስተርጓሚዋ ተረጎመች። "እትዬ"ን እንዴት አድርጋ እንደተረጎመችው አላውቅም።

ሐኪሙ አስካለን ቀና ብሎ አያት። "እኔ የምቀይረው ቫልቭ ነው፤ የወረቀቱ ጉዳይ ሥራዬ አይደለም። ዕድሜዋን የጠየቅሁት ለዚህ ነው። አመሰግናለሁ" አላት። እስከ ዛሬ ካርዷን የነካባት የለም።

የላሟን ቲሹ መረጥን። አስካለ ወዲያው "በጾምስ?" ብላ ጠየቀች፤ ከታመምኩ ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ደረቴን ከፈቱት። ዘጉት። ነቃሁ። አመመኝ። ከሁሉ የባሰው ሳል ነው። ትራስ ደረቴ ላይ አቅፌ አጥብቄ እየያዝኩ እስል ነበር፤ ያ ስቃዬን ያሳበቀብኝ ትራስ ይኸው ደግሞ ጠቀመኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘገምተኛ ነገር ነው። አስካለ ልብሷን ይዛ ቤቴ ገባችና ሶፋዬ ላይ እየተኛች ከባድ እንዳላነሳ፣ እጄን ከራሴ በላይ እንዳልዘረጋ እንደ ዘብ ስትጠብቀኝ ከረመች፤ ደሜ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካው አይኤንአር የሚባለው ምርመራ ከፍ ዝቅ ሲል ነርሷ ምን እንደምበላ ጠይቃኝ ጎመን መሆኑን ስትሰማ፣ ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል፣ ክልክል አይደለም፣ ግን ዛሬ አንድ ሙሉ ሳህን ነገ ምንም ሳይሆን በየሳምንቱ መጠኑ እኩል ይሁን ብላ አስተማረችን። ከዚያ ጀምሮ አስካለ ጎመን በማንኪያ ሰፍራ ስትሰጠኝ አየኋት፤ እኔ ያዘልኳት ልጅ! ጠያቂ ሁሉ ሲመጣ ግን "እንዲህ ያለች እህት ከየት ትገኛለች!" እያለ የሚያመሰግነው እሷን ነው። ደረቴ የተሰነጠቀው እኔ፣ ምርቃቱ የእሷ። አሁንም ቅጥል ብያለሁ።

ቀስ በቀስ ፌርፋክስ ላይ እየተመላለስን በእግር መሄድ ጀመርን፤ አንድ ሱቅ፣ ከዚያ ሁለት ሱቅ፣ ከዚያ ሙሉውን መንገድ፤ አሁን መስኮት ጋ የምቆመው በእውነት ዕቃ ለማየት ነው። የልቤ ምትም ስለተስተካከለ ዋርፋሪኑ ቆመልኝ። ባለፈው እሑድ እዚያው ምሳ ቤት ቁጭ ብለን ስለ ስልሳው ዓመት ወሬ ተነስቶ አንድ ሰው "ሁሉም ከገባ ወረፋው እንዴት ሊሆን ነው?" ሲል አስካለ ከአፉ ነጥቃ "ይግቡ! እኔ ወረፋ እጠብቃለሁ። ያልገባው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ" አለችው። ጋሼ ኃይሉ እኔን አዩኝ። እኔ ሽሮዬን አየሁ።

ለእናንተ የምለው ይህን ነው። ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ትራስ ከጨመራችሁ ዛሬውኑ ታዩ። ሕግ እስኪወጣ፣ ዕድሜ እስኪሞላ አትጠብቁ። የሥራ ኢንሹራንስ ሲቆምባችሁ ወዲያው ጠይቁ፤ ሌላ ለመግባት የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ሆስፒታል ከገባችሁ ሶሻል ወርከር ጥሩልኝ በሉ። በሰው ካርድ አትታከሙ፣ ካርዳችሁንም አታውሱ። ወረቀታችሁ የሚለው ሌላ ቢሆንም ለሐኪማችሁ እውነተኛ ዕድሜያችሁን ንገሩት፤ ወረቀቱን ስለማስተካከል ደግሞ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ልጅ ሆናችሁ ጉሮሯችሁን አሟችሁ ጉልበታችሁ አብጦ ከነበረ ይህንንም ሳትጠየቁ ተናገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ዕድሜውን ዝቅ የማድረግ ነገር እስከ አሁን ወሬ ነው። በወረቀቴ ገና ብዙ ይቀረኛል። ጎንበስ ብላ ላየችኝ ዶክተር፣ ልቤን በእጁ ለያዘው ሐኪም፣ ሌላውን በር ላሳየችኝ ሶሻል ወርከር፣ ስሜን እየጠራች ለጮኸችው ባልደረባዬ እግዜር ይስጥልኝ። አስካለዬ፣ አንቺን ደግሞ እንደ እኔ ያለ ልብ አይስጥሽ። "እትዬ" ማለትሽን እንዳታቆሚ። ካርድሽንም ደህና ቦታ አስቀምጪ፤ ዓይኔ አሁንም እሱ ላይ ነው።