ትርፍ ያሳፈረው ደንበኛዬ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ዳኛቸው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ ትእዛዝ ሰጡኝ። ትእዛዙ «ደንበኛ እንዳይቆም» የሚል ነበር። በደብረ ብርሃን የኅዳር ብርድ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሐሳቡን ቶሎ ይቀይራል ማለታቸው ነው። ጠረጴዛዬ የባንኩ በር አጠገብ ስለነበር ብርዱ ከደንበኛው ቀድሞ እኔን አገኘኝ።

ሥራዬ የባንኩን አዲስ አክሲዮን መሸጥ ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛዬ ከሰላ ድንጋይ የመጡ አዛውንት ናቸው። የተማርኩትን ሁሉ ስዘከዝክላቸው በትዕግሥት አዳመጡኝና «ጥሩ ነው፤ አሁን አሳዪኝ» አሉ። የምስክር ወረቀቱን ናሙና አወጣሁላቸው።

«ይሄማ ወረቀቱ ነው። ዕቃውን ነው የምልሽ» አሉኝ።

አክሲዮን በእጅ የሚዳሰስ ዕቃ ሳይሆን የባለቤትነት ድርሻ እንደሆነ ብነግራቸው፣ ብደግምላቸው አልሆነም። ቢቸግረኝ «ለምሳሌ ይህን ባንክ ያዩታል? ከዚህ ላይ የርስዎም ድርሻ አለበት ማለት ነው» አልኩ። ወጥተው ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ቃኙና «የቱ ጋ ነው የኔ?» አሉ። ሕንፃው የኪራይ ነበር። ያን ቀን ሳይገዙ ሄዱ። በሳምንቱ ልጃቸውን አስከትለው መጥተው ገዙ፤ ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር በሩን ቀስ አድርገው ነበር የሚዘጉት።

በሻጭነት ብዙ ዓመት ሠራሁ። ሻጭ የሚከፈለው በሸጠው ልክ ስለሆነ ለደንበኛው «ይቅርብህ» ማለት ከራስ ኪስ እንደ መቁረጥ ነው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «ይቅርብህ» ማለት አበዛሁ። አቶ ዳኛቸው አንድ ቀን ጠሩኝና «አስቴር፣ አንቺ እኮ መካሪ ነሽ፤ እኔ የቀጠርኩት ሻጭ ነው» አሉኝ። ተቆጥተው አልነበረም። እንደ ምርቃት ቆጠርኩትና ሥራውን ለቅቄ የራሴን አንዲት ክፍል ቢሮ ከፈትኩ። ዛሬ የአክሲዮን ገበያው ተከፍቶ አማካሪነት ፈቃድና ደንብ ያለው ሙያ ሆኗል። ያኔ ግን ሥራዬን ማስረዳት ራሱ አንድ ሥራ ነበር።

«ምን ልትሸጭልኝ ነው?» ይሉኛል።

«ምንም።»

«ታዲያ የምከፍልሽ የምን ነው?»

«የምክር።»

«ምክር በገንዘብ!» ብለው ወደ በሩ ያያሉ። ምክር ከሰፈር ሽማግሌ በነፃ የሚገኝ ነገር ነዋ።

አሠራሬ ቀላል ነው። ለማንኛውም ደንበኛ መጀመሪያ ሦስት ጥያቄ አቀርባለሁ። ገንዘቡ መቼ ያስፈልግዎታል? ከርሱ የሚበላው ማን ማን ነው? ዋጋው ቢወርድ እንቅልፍ ይወስድዎታል? መልሱን ይዤ ገንዘቡን እደለድላለሁ፤ ለቀለብና ለድንገተኛ ነገር ባንክ የሚቀመጥ፣ ቆየት ባሉና ትርፍ በሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ውስጥ የሚገባ፣ ቢጠፋ ቤት በማያፈርስ ልክ ደግሞ አዲስ ነገር የሚሞከርበት። ሙያው እንግዲህ ይኸው ነው። የቀረው ሰውን መቻል ነው።

ሰውን መቻል ስል አንድ የደብረ ሲና የጭነት መኪና ሾፌር አለኝ። የአክሲዮን ዋጋ በየቀኑ እንደሚለዋወጥ የሰማ ዕለት እንቅልፉን አጣ። ጣርማ በር ላይ ሆኖ ይደውልና «ዛሬ ስንት ገባ?» ይለኛል። «መጀመሪያ ቁልቁለቱን ጨርስ» እለዋለሁ። ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የአልዩ አምባ ነጋዴም አሉ። እሳቸው ዋጋ ጠይቀውኝ አያውቁም። «አስቴር፣ ትርፉ ከምን እንደመጣ ካልነገርሽኝ ቢስሚላህ ብዬ አልበላውም» ይላሉ። ወለድ ያለበትን እየተውኩ፣ የሌለበትን እየፈለግሁ የድርጅቶችን ዓመታዊ ሪፖርት እስከ መጨረሻው ገጽ ማንበብ የለመድኩት በርሳቸው ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ ሙያውን ያስተማሩኝ ግን አቶ ሽፈራው ናቸው። ከከተማው ጫፍ ገብስና ባቄላ የሚዘሩ ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው ለፋብሪካ ተፈልጎ ካሳ ተከፈላቸው። አብረዋቸው የሚካኤልን ጽዋ የሚጠጡ ማኅበርተኞቻቸውም ጎረቤቶቻቸው ስለሆኑ የሁሉም መሬት አብሮ ሄዶ ነበር።

«ማኅበሩ ተማክሯል» አሉኝ ገና እንደተቀመጡ። «ሁላችንም ካሳችንን አንድ ቦታ ልናስገባ ነው። በምሥረታ ላይ ያለ ባንክ አለ ተብሏል። አንቺ ፎርሙን ሙይልኝ።»

«ሁሉንም ገንዘብ?»

«ሁሉንም።»

«ጋሼ ሽፈራው፣ በጎችዎን ሁሉ አንድ ጋጥ ነው የሚያሳድሩት?»

«የለም። ጥቂቱን ቆላ ላለው አማቼ ለርቢ ሰጥቻለሁ። በሽታ ቢገባ ሁሉም እንዳያልቅ ነዋ።»

«ታዲያ ገንዘቡስ?»

«በግ ሌላ ነው» አሉ። «እነሱ ከስረው እኔ ብቻዬን ብተርፍ በምን ፊቴ ጽዋውን እቀበላለሁ?»

ብዙ ተከራከርን። ያ ገንዘብ መሬታቸው ነበር፤ ከዚያ ሌላ ቤተሰቡ የሚበላበት ነገር አልነበራቸውም። በመጨረሻ ከሦስት እጅ አንዱን ከማኅበሩ ጋር እንዲያስገቡ፣ የቀረውን በኔ ድልድል እንዲያደርጉ ተስማማን። የሚፈሩት ወሬው እንዳይወጣ ስለነበር የሙያችንን የመጀመሪያ ደንብ ነገርኳቸው፤ የደንበኛ ጉዳይ ምሥጢር ነው፣ ከዚህ ክፍል አይወጣም። «ሚካኤል ይስጥልኝ» ብለው ቀለል ብሏቸው ሄዱ።

የባንኩ ምሥረታ ዘገየ። ሕጉ የሚጠይቀውን ካፒታል መሙላት አቃተው፤ የተሰበሰበው ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ተቀመጠ። አይወጣ፣ አያተርፍ። አዘጋጆቹ ቀን እያራዘሙ አክሲዮን መሸጣቸውን ይቀጥላሉ፤ ማኅበርተኞቹ ይጠብቃሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የነሱ ግን እንዳይፈታም ሆኖ ተቋጥሮ ነበር።

በዓመቱ አቶ ሽፈራው ቢሮዬ ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ቀሩ።

«ደረሰኝ» አሉ።

«ምኑ?»

«ትርፉ።»

«እሰይ!» ብዬ ሳቅኩ።

«አትሳቂ። ያስቃል? ባለፈው ሚካኤል ዳቦው ተቆረሰ። ኃይሌ ልጁን ከኮሌጅ እንዳስቀረ ተናገረ። ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ፤ እኔም መጠጥኩ። ኪሴ ውስጥ ትርፍ ይዤ ከንፈር መምጠጥ እንዴት እንደሚያንቅ ታውቂያለሽ?» ባርኔጣውን አገላበጡት። «ያለኝን ሁሉ ሽጪና እነሱ ያሉበት ክተቺኝ።»

በሥራ ዘመኔ ከሰርኩ ብሎ ያልጮኸብኝ ደንበኛ ጥቂት ነው። አተረፍኩ ብሎ ሊከሰኝ የመጣ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። በሌላ ቀን ቢሆን ስቄ አልጨርስም ነበር። ዓይናቸውን ሳይ ግን ደነገጥኩ፤ ሰውዬው የምራቸውን ነው። ደንቡ ደግሞ ደንበኛ ሽጪ ካለ መሸጥ ነው። ቤተሰቡ የሚበላበትን ገንዘብ በገዛ እጄ ዝግ ሒሳብ ውስጥ ልቀብረው ነው ማለት ነው።

«እስከሚቀጥለው ሚካኤል ይታገሡኝ» አልኩ። «ከመሸጤ በፊት አብረን ለማኅበሩ እንንገር።»

«ምሥጢር ነው አላልሽም?»

«ምሥጢሩ የርስዎ ነው፣ የኔ አይደለም። ይፈቅዱልኛል?»

ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። «ከመታነቅ ይሻላል» አሉ።

የዚያ ወር ተረኛ አቶ ኃይሌ ነበሩ፤ የማኅበሩ ሙሴ ማለትም መሪውም እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ከአንኮበር መንገድ ገባ ብሎ ነው። ጸሎት ደርሶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ አቶ ሽፈራው ተነሡና ሁሉንም ተናገሩ፤ የት እንዳስገቡ፣ ስንት እንዳተረፉ፣ እንደደበቁ። እኔ ቅናት ይመጣል ብዬ ፈራሁ።

«መቼ ነው የመከረችህ?» አሉ አቶ ኃይሌ።

«ከመግዛታችን በፊት።»

አቶ ኃይሌ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ገንዘብህ የራስህ ነው፤ የትም አድርገው። በማትረፍህም ደስ ይለናል። ምክሩን ግን ብቻህን በላኸው። ዳቦ ብትደብቀን ይሻል ነበር።»

አቶ ሽፈራው አንገታቸውን ደፉ። ነገሩ እኔንም ነክቶኝ «ምሥጢር ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ ማኅበርተኛ አይደለሽም፤ ልንቀጣሽ አንችልም» አሉ አቶ ኃይሌ፤ ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ቅጣቱ ወዲያው ተወሰነ። አቶ ሽፈራው ተራቸው ሳይደርስ የሚቀጥለውን ወር እንዲደግሱ፣ አክሲዮናቸውን እንዳይሸጡ። «የሁላችንም ከሚጠፋ ያንተ መትረፉ ምን ይጎዳናል?» አሉ ሙሴው። እኔ ደግሞ ለአቶ ሽፈራው የነገርኩትን እዚያው ለሁሉም እንድነግር ታዘዝኩ።

ያን ቀን በዕድሜዬ ምርጡን ምክር ሰጠሁ፤ የጎበዝኩት ግን እኔ አልነበርኩም። ሦስቱን ጥያቄዎቼን ስጠይቅ እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን የሚመልሰውን መለሰ፤ ጎረቤቱ ግን አላሳለፈውም። አንዱ «ገንዘቡ እስከ አሥር ዓመት አያስፈልገኝም» ሲል ከጎኑ ያለው «በጥር ልጅህን ልትድር አይደል እንዴ?» አለው። ሌላው «ዋጋ ቢወርድ እኔ ምን ገዶኝ» ሲል ሚስቱ ከጓዳ «በቅሎዋ ስታነክስ ሦስት ቀን እህል ያልቀመስከው ማነህ?» አለች። ቢሮዬ ተቀምጬ በዓመት የማላገኘውን እውነት በአንድ ከሰዓት አገኘሁ።

ባንኩ በመጨረሻ እንደማይመሠረት ታውቆ ገንዘቡ ተመለሰ። የመግዛት አቅሙ ቀንሶ ነበር፤ ቢሆንም ተመለሰ። ሁሉም በየድልድሉ አስገባ። የአቶ ኃይሌ ልጅም ኮሌጅ ተመለሰ።

የአቶ ሽፈራው ድግስ ላይ ተጠርቼ ነበር። ጾም ስላልነበረ በግ ታርዷል። የመጀመሪያው ትርፍ አብዛኛው እዚያው ተበላ፤ እንደ አማካሪ ሳየው ብክነት ነው። አቶ ኃይሌ ጽዋውን አንሥተው ለባለድግሱ አቀበሉ፤ አቶ ሽፈራው ቀና ብለው ሁሉንም እያዩ ተቀበሉ። ዕንባዬ መጣ፤ በጭሱ አሳበብኩ።

ፈቃድ አውጥታችሁ ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፤ የደንበኛን ምሥጢር ጠብቁ፣ ደንቡ ነው። እኔ ግን አሁን ከሦስቱ ጥያቄዎች በፊት አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። «የምሰጥህን ምክር ለማን ትነግረዋለህ?» እላለሁ። «ለማንም» ያለኝን ሌላ ቀን ቀጥሬ እመልሰዋለሁ። ሰው ለማንም ሊነግረው በማይችለው ትርፍ አይኖርም።