ለዳዊት የሰጠሁት ቁልፍ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ንስሐ ልገባ በተቀመጥኩ ቁጥር ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ይህችን እየዋጥኩ ተመልሻለሁ። አሁን አርጅቻለሁ። አንተ የምታነበኝ ሰው፣ እንግዲህ አንተ ስማኝ።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት እነግድ ነበር፤ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችኝ። የመጀመሪያ ልጄ ዳዊት አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ወንዝ ዳር ካለው ሜዳ ወስጄ መንዳት አሳየሁት። አሳየሁት ነው የምለው፤ አስተማርኩት አልልም። ባዶ መኪና በባዶ ሜዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ አይቼ "በቃ፣ ችለሃል" አልኩት። ልጄ ከእኩዮቹ ቀድሞ መሪ ጨበጠ እያልኩ በየሻይ ቤቱ ጉራዬን ነዛሁ።

አንድ ጠዋት ወገቤን አሞኝ ተኛሁ። ጀውሃ ላይ የገዛሁት ሽንኩርት ፀሐይ እየመታው ነበር። ዳዊትን ጠርቼ ቁልፉን ሰጠሁት።

"አባዬ፣ መንጃ ፈቃድ ቢጠይቁኝስ?" አለኝ።

"የኔን ስም ጥራ፤ የማያውቀኝ የለም።"

ጭኖ ሲመለስ አቶ ሁሴን የሚባሉ ገበሬ ከብቶቻቸውን አስፋልት ያሻግሩ ነበር። ልጁ ፍሬን ያዘ። የጫነ መኪና እንደ ባዶው ቶሎ እንደማይቆም ግን ማን ነግሮታል? እኔ ነግሬው ነበር? ከብቶቹን አድናለሁ ብሎ መሪውን ሲጠመዝዝ ሰውየውን መታቸው። ጭናቸው ተሰበረ።

ፖሊስ ቤቴ መጣ። መኪናውን ለልጁ ማን እንደሰጠው ሲጠይቀኝ እኔ፣ ትልቁ ሰው፣ ምን አልኩ? "ተኝቼ ሳለ ቁልፉን ሰርቆ ነው" አልኩ። እስሩን ፈራሁ፤ የሰው አፍ ፈራሁ። ልጄን ሌባ አልኩት።

ጣቢያ ምሳ ይዤለት ስሄድ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ሳህኑን ተቀብሎኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያልካቸውን ፖሊሶቹ ነገሩኝ፤ እኔም እንዳልከው ነው የነገርኳቸው፤ አታስብ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ተፈትቶ ሲመጣ እናቱ "ደግሞ ሌባ ልትሆን ነው?" ብላ ስትጮህበት አንገቱን ደፍቶ ሰማት። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር።

አቶ ሁሴን ከሆስፒታል ሲወጡ ሽማግሌ ይዘን ቤታቸው ሄድን። ይረግሙናል ብዬ ስጠብቅ "አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሴ ተርፋለች። ልጁን አውፍ ብዬዋለሁ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጁ መንዳት ወዷል መሰለኝ። ተቆጥተህ አትከልክለው። ዕድሜው ሲደርስ በወጉ አስተምረው" አሉኝ። እግራቸውን የሰበርንባቸው ሰው ስለ ልጄ ያስቡልኝ ነበር።

ቃላቸውን ጠበቅኩ። ዳዊት ደብረ ብርሃን አክስቱ ቤት ተቀምጦ፣ ሕጉንም መሪውንም ከመጀመሪያው ተማረ። ዛሬ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ባለፈው ክረምት ከኋላው ተቀምጬ ጣርማ በርን ስንወርድ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያለ አወረደን። አንድ ጎረምሳ "ሹፌር፣ ንካው እንጂ!" ቢለው "ወንድሜ፣ ሁላችንም ቤታችን እንገባለን" አለው እንጂ ፍጥነት አልጨመረም። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ልጄ ስላልሞተ፣ ሰውየው ስላልሞቱ፣ የኔ ውሸት ልጄን ስላላበላሸው አምላኬን አመሰገንኩ። እንዲህ ያለ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ሰው ለኔ ይገባኝ ነበር?

አቶ ሁሴን ዛሬም ገበያ ሲያገኙኝ እያነከሱ ይመጡና "ያ የቁልፍ ሌባ ደኅና ነው?" ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ።

ከእንግዲህ አልስቅም። ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አቶ ሁሴን ይስሙ፤ እናቱም ትስማ። ዳዊት ልጄ፣ ስለተሸከምክልኝ እግዜር ይስጥህ። ይቅር በለኝ ለማለት ግን ምክንያት አጣሁ። ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ ልጁ አንተ ነበርክ።